ልጃችሁን የፈረስ ሰመር ካምፕ ከማስገባታችሁ በፊት

እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ጥር 23 በመጣ ቁጥር በአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ላይ የተሸለሙ ፈረሶች ሲያልፉ እያየሁ ነው ያደግኩት። ልጄ እዚህ ቨርጂኒያ ሆና «ፈረስ መጋለብ እፈልጋለሁ» ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አሁን ሌሎች ወላጆችም ልጆች በትምህርት ዕረፍት ግልቢያ ስለሚማሩበት ሰመር ካምፕ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጋጣውን ሄዳችሁ እዩ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያሉት ላውደንና ፎኪየር ካውንቲ በፈረስ የታወቁ አካባቢዎች ስለሆኑ ምርጫ አይጠፋም። ድረ ገጽ ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ያምራል፤ እናንተ ግን ፈረሶቹን ተመልከቱ። ጎድናቸው ገጥጧል? ጀርባቸው ላይ ኮርቻ የላጠው ቁስል አለ? የውሃ ገንዳው ንጹሕ ነው? ሰው ሲጠጋቸው ጆሮአቸውን ወደ ኋላ ለጥፈው የሚቆጡ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ፈረሱን በደንብ ያልያዘ ቦታ ልጄን በደንብ ይይዝልኛል ብዬ አላምንም።

ቀጥሎ አሠልጣኟን «ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት ኮርቻ ላይ፣ ስንት ሰዓት መሬት ላይ ያሳልፋሉ?» በሏት። «ይህን ሁሉ የከፈልኩት ፋንድያ ለማስዛቅ ነው?» ብለው የሚቆጡ ወላጆች አሉ። እኔ ግን ልጆቹ ጋጣ የሚጠርጉበትን፣ ፈረሱን የሚቦርሹበትን፣ ከኮቴው ሥር የገባውን ጠጠር በመንጠቆ የሚያወጡበትን ካምፕ ነው የምመርጠው። እግሩን አንስቶ የያዘ ልጅ ፈረሱ መቼ እንደሚፈራና መቼ እንደሚረጋጋ በእጁ ያውቀዋል። ኮርቻ ላይ ሲወጣ የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ጥሩዎቹ ካምፖች ቶሎ ስለሚሞሉ ከጥር ወይም ከየካቲት ጀምራችሁ ተመዝገቡ። ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ቅጽ ይጠይቃሉ፤ የቴታነስ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ አረጋግጡ። ልጅ ቢጎዳ ካምፑ «አልጠየቅም» የሚልበትን የኃላፊነት ውልም ሳታነቡ አትፈርሙ።

ወደ ልብሱ ስንመጣ፣ ከሁሉም በላይ ሄልሜቱ ላይ አትቆጥቡ። የብስክሌት ሄልሜት አይሆንም፤ ውስጡ ላይ «ኤኤስቲኤም» (ASTM) እና «ኤስኢአይ» (SEI) የሚል የደኅንነት ምልክት ያለበት የፈረስ ሄልሜት መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ወድቃ ከመታችው፣ ባይሰነጠቅም ይቀየራል። የኛን ልጆች ፀጉር በተመለከተ ካምፖቹ የማይነግሯችሁ ነገር አለ። ወፍራም ሹሩባ ወይም አናት ላይ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። ከካምፑ በፊት ባለው ቅዳሜ ቀጭን፣ ወደ ማጅራት የሚወርድ ሹሩባ ሥሩላት፤ ሄልሜቱንም ከሹሩባው በኋላ ለኩት።

ጫማው ተረከዝ ያለው፣ ሶሉ ልሙጥ ቦት ይሁን። ባገራችን በባዶ እግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት እርካብ ነበር። እዚህ ግን ግማሽ እግር ስለሚገባ፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ በእርካቡ ሾልኮ ያልፍና ልጅቱ ስትወድቅ ፈረሱ ሊጎትታት ይችላል። ስኒከር አድርጋ እንዳትሄድ።

ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ የምታስተምሯት ነገርም አለ። ፈረስ ከጭራው ጀርባ የቆመውን አያይም፤ ስለዚህ ድምፅ እያሰማች በግራ ትከሻው በኩል ትቅረብ። የመሳቢያውን ገመድ እጇ ላይ ፈጽሞ አትጠቅልል፤ ፈረሱ ደንግጦ ከሮጠ ጣት ይቆርጣል። ከምሳ ዕቃዋ ዳቦ አውጥታም አትስጠው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ያልተስማማው ምግብ ሆዱን ነፍቶ ሊገድለው ይችላል። አሠልጣኟ ከፈቀደች ካሮቱን በተዘረጋ መዳፍ ታቅርብለት።

ሶምሶማ ሲጀመር ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ማለትን ይማራሉ። በማግሥቱ ጭኗ ስለሚዝል «አልሄድም» ብትል አትደንግጡ። ገላዋን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ቶሎ አስተኟት። ፈረሱን ፈርታ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጠዋት ለአሠልጣኟ ንገሩና የረጋ ፈረስ ይቀየርላት። ማታ ማታ መዥገር ፈልጉ፤ ብብቷን፣ ከጉልበቷ ጀርባ፣ የፀጉሯን መስመር ሁሉ። ላይም የሚባለው በሽታ የሚመጣው በመዥገር ንክሻ ነው።

ካምፑ ነሐሴ ላይ ከሆነና ልጃችሁ ፍልሰታን የምትጾም ከሆነ አስቀድማችሁ አሳውቁ። በዚያ ሙቀት ባዶ ሆድ ኮርቻ ላይ መውጣት አደገኛ ነው። በኛ ቤት ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረን ጠዋት በልታ እንድትሄድ፣ ምሳዋም የጾም እንዲሆን አድርገናል፤ ጠዋት የበላችው ሽሮ ፍትፍት እስከ ቀትር አያስርባትም።

በመጨረሻው ቀን ልጆቹ የተማሩትን ለወላጅ ያሳያሉ። አያቶችንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ግን እልልታውንና ጭብጨባውን ልጃችሁ ወርዳ ፈረሱ ወደ ጋጣው እስኪመለስ ድረስ ያዙት። አጥሩ ሥር ጃንጥላም አትዘርጉ፤ ድንገት የተከፈተ ጃንጥላ ረጋ ያለውንም ፈረስ ያስደነብራል።