የባይኖኩላር ሌንስ ሲደበዝዝ፦ ችግሩና መፍትሄው

ባይኖኩላሬን፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን፣ ያበላሸሁት በገዛ ሸሚዜ ነው። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል፣ ጠዋት ላይ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ሌንሱ ላይ አቧራ አየሁ። የሸሚዜን ጫፍ ይዤ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ይህንን ለወራት ደጋገምኩት።

የጎዳሁት ኮቲንጉን ነው። ኮቲንግ ሌንሱ ብርሃን እንዳይመልስ የሚቀባ ስስ ቅብ ነው። ለጠመንጃ መነጽርም ለካሜራም ሥራው ያው ነው። ያለ እሱ እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል። 10 ገጽ ያለው ባይኖኩላር ከገባው ብርሃን ሲሶ ያህሉ ይባክንበታል ማለት ነው። የተለመደው የማግኒዚየም ፍሎራይድ ቅብ ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። የፀጉር ዘለላ በመቶዎች እጥፍ ይወፍራል።

መጀመሪያ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሌንሱን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። ነጸብራቁ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ኮቲንጉ አለ። እንደ መስኮት መስታወት ነጭ ከሆነ ግን ወይ ድሮም አልነበረም፣ ወይ ለቋል።

ምስሉ ፈዘዘ፣ በተለይ ወደ ፀሐይ ስታዩ?
አብዛኛውን ጊዜ የጣት ቅባት ነው። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በልቶ ባይኖኩላር ማንሳት ያለ ነው። ቀድማችሁ አቧራውን በጎማ መንፊያ አራግፉ፤ የቀረውን በለስላሳ ብሩሽ። ከዚያ የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ሌንሱ ላይ እንዳታፈሱ፣ በጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከመሀል ወደ ዳር፣ ሳትጫኑ ጥረጉ። የመስኮት ማጽጃ አይነካው።

ዘንበል ሲል ብቻ የሚታይ ድር መሳይ ጭረት?
ይሄ የእኔ ነው። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ከኮቲንጉ ይጠነክራል። በደረቁ ስትጠርጉ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። መፍትሄ? የለውም። አንድ ሻጭ «በጥርስ ሳሙና ፈግፍገው» ብሎኝ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አልሰማሁትም፤ የጥርስ ሳሙና የተረፈውንም ኮቲንግ ይዞት ይሄዳል። ጥቂት ጭረት ምስሉን እምብዛም ስለማይጎዳ ትቼዋለሁ።

ነጫጭ የጠብታ ምልክት?
ከጀልባ የተረጨ የሐይቅ ውሃ ደርቆ የተወው ማዕድን ነው። አትፋቁት። ዲስቲልድ (ማዕድን የሌለው) ውሃ የነካ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፉበት፣ ሲርስ ይለቃል።

ውሃ እንደ በፊቱ ተንከባሎ አይወርድም?
ላይኛው ውሃ ገፊ ሽፋን አልቋል። ከሥሩ ያለው ኮቲንግ ደህና ሊሆን ስለሚችል አትጨነቁ።

ውስጥ ውስጡን ክር መሳይ ነገር?
ፈንገስ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ካስቀመጣችሁት ይበቅላል። የሚያወጣው አሲድ ኮቲንጉን ይበላል። ከውጭ ብትጠርጉ ከንቱ ድካም ነው፤ የሚፈታ ባለሙያ ፈልጉ፣ ቶሎ። በቆየ ቁጥር ምልክቱ ቢጸዳም አይጠፋም። ስታስቀምጡት ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መጣጭ የሲሊካ ጄል ከረጢት አትጣሉ፤ አብራችሁ አስቀምጧት።

እኔ አሁን የማይክሮፋይበር ጨርቄን በትንሽ ፌስታል ቋጥሬ ኪሴ እይዛለሁ። በቀላል ሳሙና አጥበዋለሁ፣ ለብቻው። ሸሚዜ ላብ ብቻ ይጠርጋል።