የሥራ ሂደትን ሲስሉና ለሥራ አስኪያጆች የመረጃ ሥርዓት ሲነድፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ሌሎችን የሚወልደው ስህተት የሥራ ሂደቱን ከመመሪያ ላይ ገልብጦ መሳል ነው። መመሪያው ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት ይናገራል እንጂ በየዕለቱ እንዴት እንደሚሠራ አይነግርም። ለምሳሌ አንድ መሥሪያ ቤት 200 ካርቶን ወረቀት አዝዞ አቅራቢው 140 ብቻ ቢያመጣ፣ ልምድ ያለው ንብረት ክፍል የተረከበውን 140 በሞዴል 19 (በዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አድርጎ ቀሪውን በማስታወሻ ይዞ ይጠብቃል። ሂደቱን የሚስለው ባለሙያ ይህን ሳያይ «ዕቃው ገቢ ሆነ» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ከሳለ ግን፣ ከትዕዛዙ ያነሰ ቁጥር የማይቀበል ሥርዓት ይሠራል፤ ሠራተኛውም ሥራው እንዳይቆምበት 200 ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁ በኮምፒውተር የሚያየው ክምችት በመደርደሪያው ላይ የለም። ስለዚህ ከመሳል በፊት አንድን የግዥ መጠየቂያ ከተነሣበት ጠረጴዛ እስከ ክፍያው ድረስ ተከትሎ መሄድና በየደረጃው «ሰነዱ ወይም ዕቃው ጎድሎ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው።

ሁለተኛው የወረቀቱን ጉዞ እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ቢፒአር በሚል ስም የታወቀውን፣ የሥራ ሂደትን ከመሠረቱ እንደገና የመንደፍ አስተሳሰብ ያስፋፋው ማይክል ሐመር፣ ትርፍ ሥራን በኮምፒውተር ከማፋጠን ይልቅ ማስወገድ እንደሚሻል እ.ኤ.አ. በ1990 ጽፎ ነበር። አምስት ፊርማ የሚጠይቅ ጥያቄ ካለ እያንዳንዱ ፈራሚ ምን እንደሚያጣራ ይጠየቅ፤ አዲስ ነገር የማያጣራው ፊርማ ይቅር።

ቢፒኤምኤን በተባለው መደበኛ የሥራ ሂደት መሳያ ምልክቶች ሲሳል ደግሞ «ከሁለቱ አንዱ» የሚለውን የኤክስ ምልክትና «ሁለቱም ጎን ለጎን» የሚለውን የመደመር ምልክት ማደባለቅ የተለመደ ነው። ፋይናንስ በጀት ሲያረጋግጥ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ እንዲሰበስብ በመደመር ምልክት የተከፈለ መንገድ በኤክስ ምልክት ከተዘጋ፣ ኤክስ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ስለማያደርግ ቀጣዩ ሥራ ሁለት ጊዜ ይጀመራል። በመደመር የተከፈለው በመደመር ይዘጋ።

ሪፖርትን ከውሳኔ በፊት መንደፍም ከባድ ስህተት ነው። «ምን ሪፖርት ይፈልጋሉ?» የተባለ ሥራ አስኪያጅ ሁሉንም ይፈልጋል፤ በኋላ ግን አንዱንም አያነብም። መጠየቅ ያለበት በየሳምንቱ የትኛውን ውሳኔ እንደሚወስንና ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ሐሳቡን እንደሚቀይር ነው።

በመጨረሻ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዘመን አቆጣጠር ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ጳጉሜን የሚያርፈው በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውስጥ ነው፤ ይህ ሩብ 95 ወይም 96 ቀን ሲኖረው ሌሎቹ ሦስቱ 90 ቀን ብቻ አላቸው። ሥርዓቱ 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የጳጉሜን ሥራ ያለ ቦታው ይመዘገባል፤ ሩብ ዓመቶቹ በጠቅላላ ድምር ብቻ ሲነጻጸሩም የመጀመሪያው ያልተገባ ብልጫ ያገኛል። ስለዚህ ጳጉሜን ራሱን የቻለ ወር ሆኖ ይመዝገብ፤ ንጽጽሩም በቀን አማካይ ይሁን።