ሥራ ላይ ያለ ሠዓሊን በትንሹ ከእንጨት ስትቀርጹ የሚያሳስቱ ነገሮች

የመጀመሪያው ሠዓሊዬ ብሩሹ ሦስት ጊዜ ተሰበረ። ሰውየው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ከፊቱ ሸራ አለ፣ በእጁ ብሩሽ ይዟል። ሁሉም ተደምሮ ቁመቱ ከጀበና አይበልጥም። ቀላል መስሎኝ ነበር።

ስህተቴ ብሩሹንና እጁን ከአንድ እንጨት መቅረጼ ነው። የተቀመጠ ሰው ስትቀርጹ እንጨቱ የሚሰነጠቅበት መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። የሠዓሊው ክንድና ብሩሽ ግን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ቀጭን ነገር በዚህ አቅጣጫ አቅም የለውም፤ ቢላው ገና ሲነካው ቀጭ ይላል። ኮላም አያድነውም። መፍትሔው ብሩሹን ለብቻው መሥራት ነው። ከቀርከሃ የተሠራ ስቴኪኒ በርዝመቱ ጠንካራ ስለሆነ አቅጥናችሁ ብትስሉትም ይችላል። እጁን እንደ ተጨበጠ ጡጫ አድርጋችሁ አስቀሩ፤ በ1 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሱት፤ ጣቶቹን የምትለዩት ከዚያ በኋላ ነው። ጣቶቹን አስቀድማችሁ ከቀረጻችሁ መሰርሰሪያው ይዟቸው ይሄዳል።

በክንድና በደረት መሃል ያለውን እንጨት ቶሎ አታውጡ። ትርፍ ይመስላል እንጂ ክንዱን ደግፎ የያዘው እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ይውጣ።

ሁለተኛውን ሥራዬን ያየ አንድ ወዳጄ «ሰውየው ማንን ነው የሚጠብቀው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ሳምንት ፈጅቼ ነበር! ችግሩ የሚያየው ከሸራው በላይ መሆኑ ነው። በዚህ መጠን የዓይን ብሌን ማን ያየዋል? የሚናገረው አንገት ነው። ስለዚህ እንጨቱን ከመንካታችሁ በፊት ትዕይንቱን ከጎን በወረቀት ንደፉ። ከዓይኑ እስከ ብሩሹ ጫፍ በማስመሪያ አስምሩ፤ አንገቱ በዚያ መስመር ይጎንበስ። ይህ ከተስተካከለ ፊቱ ሻካራ ቢሆንም ሰውየው እየሠራ እንደሆነ ማንም ያውቃል።

መጠንም ያጋልጣል። በ1 ለ 12፣ ማለትም ከእውነተኛው 12 ጊዜ አሳንሳችሁ ከሠራችሁ 170 ሴንቲሜትር የሚረዝመው ሰው ቆሞ 14 ገደማ ይሆናል፤ 30 ሴንቲሜትር የነበረው ብሩሽ ደግሞ 2.5 ብቻ። የቀለም ጣሳው ከጭንቅላቱ ሲበልጥ አይቻለሁ፤ የራሴው ሥራ ነው።

እንጨት ላይ ብዙ አልልም። ለጀማሪ ዋንዛ ይሻላል፤ ለቢላ እሺ ይላል። ወይራ ጥቃቅን ነገር ይይዛል፣ ግን እጅ ይጨርሳል። ጽድ በቀላሉ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ምንም ይሁን ተዉት፤ ሲደርቅ የሠዓሊውን ፊት ለሁለት ይከፍለዋል። የብርጭቆ ወረቀትም እየቀረጻችሁ መሃል ላይ አትጠቀሙ። የሚቀረው አሸዋ የቢላውን ስለት ይበላል።

የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ መቅረጽ ካማራችሁ ደግሞ ባለ ሦስት እግር የሸራ ማቆሚያ አታቁሙለት። እሱ በአብዛኛው የሚሥለው ግድግዳው ላይ ወይም በኋላ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ጨርቅ ላይ ነው።

ሸራው ላይ ያለቀ ሥዕል ማስቀመጥም ስህተት ነው። ሥዕሉ ካለቀ ሰውየው ብሩሽ ይዞ ምን ያደርጋል? ግማሹን ባዶ ተዉት። የኔው ሠዓሊ እስከ ዛሬ የአህያዋን ሁለት እግር ብቻ ነው የሣለው።