አሮጌውን ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት

አባቴ እዚህ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር የእድር ጸሐፊ ነው፣ የስንት አመት የአባላት ዝርዝር፣ ደንብና ቃለ ጉባኤ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ነበር። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ያው ማስተካከሉ እኔ ላይ ወደቀ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ግማሹ በራሴ ጥፋት ነው፣ እናንተ እንዳትለፉ ልጻፈው።

ዊንዶውስ 11 ገና ስትከፍቱት ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፣ የስልክ ሆትስፖት ይበቃዋል። ሰአት ስትሞሉ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ የለችም፣ ናይሮቢን ምረጡ። ከዛ ሴቲንግ ገብታችሁ ዋይፋዩን ሜተርድ (ኔቱ የተገደበ ነው የሚለው ምርጫ) አድርጉት፣ አለበለዚያ አፕዴቱ ፓኬጃችሁን ቡናው ሳይፈላ ይጨርሰዋል። አፕዴቱን ግን ጭራሽ አትተዉት፣ ያልተገደበ ኔት ያለው ዘመድ ጋር ወስዳችሁ አስጨርሱት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ አካውንቱ የራሳችሁ ይሁን፣ የሱቁ ልጅ "እኔ ልክፈትልህ" ብሎ በራሱ ኢሜይል እንዳይከፍተው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩን ራሳቸው ይቆልፉታል፣ አንድ ቀን መክፈቻ ቢጠይቃችሁ 48 ዲጂት ቁጥር ነው፣ የሚቀመጠውም እዛ አካውንት ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ፋይሉ። ባካፕ፣ ማለትም ከአሮጌው የገለበጣችሁት ፋይል፣ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ አዲሱ ላይ ሰክታችሁ ምንም ሳትከፍቱ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ስካን አድርጉት። ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ብታዩ አትደንግጡ፣ ደብል ክሊክም አታድርጉ፣ የፍላሽ ቫይረስ ነው፣ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም፣ ካጸዳችሁት በኋላ ቪው የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የተደበቁት እንዲታዩ አድርጉ።

ስታመጡ ኮፒ እንጂ ከት እንዳታደርጉ!! መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዛ ሆኖ ይቀርላችኋል። (ከተማችን ዳር ያሉት ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች አቅማቸው ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት ነው፣ እኛ ግን ሻማ ከጓዳ አይጠፋም።) 300 ጊጋ በድሮው ዩኤስቢ 2 ወደ ሶስት ሰአት ይወስዳል፣ ውስጡ ሰማያዊ የሆነ ቀዳዳ ካለ እሱ ላይ ሰኩት፣ ብዙ ጊዜ ዩኤስቢ 3 ነው፣ በጣም ይፈጥናል።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ሁሉን ኮፒ አድርጌ የእድሩን ደንብ ስከፍት ፊደል የለም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ገጽ ብቻ። አባቴ "አበላሸኸው አይደል" አለኝ። ፋይሉ ምንም አልሆነም፣ ድሮ ቪዥዋል ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ነው፣ እነዛ የድሮ ፎንቶች (የፊደል ፋይሎች) ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ስላልሆኑ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው አይመጣም፣ የድሮ ፓወር ግዕዝም እንደዛው ነው። እኔ ዶክመንቱን እንጂ ፎንቱን ባካፕ አላደረግኩም። ደግነቱ አሮጌውን ገና ፎርማት አላደረግኩትም ነበር፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ ዊንዶውስ ከዛ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ገብቼ የግዕዞቹን በሙሉ በፍላሽ አመጣሁና አዲሱ ላይ ራይት ክሊክ፣ ኢንስቶል፣ ወርድን ዘግቼ ስከፍተው አማርኛው ቁጭ አለ። ዋና ዋናዎቹን ወዲያው ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥኳቸው፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ የትም ይከፈታል።

ቴሌግራም ላይ ያወረዳችኋቸውንም አትርሱ፣ ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ነው ያሉት፣ የአባቴ የልቅሶና የሰርግ ፎቶ ግማሹ እዛ ነበር።

ኮፒው አለቀ ብላችሁ አትመኑት፣ ከወርዱም ከኤክሴሉም ከፎቶውም አስር አስር እየከፈታችሁ እዩ። አሮጌው ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ። የኛው ጓዳ ውስጥ ነው፣ እናቴ የሽንኩርት ዘንቢል አስቀምጣበታለች።