ፊርማ ያለበትን አሮጌ ኳስ፣ ማሊያና ፎቶ ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ኳስ ላይ ፊርማ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ማጽዳት ነው። ዋጋው የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከአባት ሳጥን የወጣ የስፖርት ዕቃ ያላችሁ ሁሉ፣ ለደላላ ከማሳየታችሁ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ማጠብና ማሳመር

የቆዳ ኳስ ላይ ኪዊ ወይም ቫዝሊን አይቀባም። ቅባቱ ቆዳው ውስጥ ሲሰርግ የፊርማውን ቀለም ይዞ ይስፋፋል፤ የመስመሩ ጠርዝ ይደበዝዝና ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ አረጋግጦ ሊመሰክርለት አይችልም። አቧራውን ፊርማው በሌለበት በኩል ብቻ በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ኳሱን ጥርቅም አድርጎ መንፋትም ያው ጥፋት ነው፦ የደረቀ ቆዳ ሲለጠጥ ላዩ ያለው ቀለም ይሰነጠቃል፣ ስፌቱም ይበጠሳል። ቅርጹን እስኪይዝ ይበቃል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ማለት አለበት። ማሊያ አይታጠብም፣ አይተኮስም። የላብና የሣር እድፍ ለሰብሳቢ ጉድለት ሳይሆን ማሊያው ለመለበሱ ምስክር ነው። የደበዘዘን ፊርማ በእስክሪብቶ ማድመቅ ደግሞ እውነተኛውን ዕቃ በገዛ እጅ ሐሰተኛ ማድረግ ነው።

ፊርማው የታተመ ይሁን የተጻፈ አለመለየት

10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ ይበቃል፤ ፒያሳ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት። መስመሩ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ከታየ የታተመ ነው። ነጠብጣብ አለመኖሩ ብቻ ግን አያስተማምንም፤ ከተፈረመበት ፎቶ እንደገና የተነሳ ቅጂ ነጠብጣብ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘንበል ያድርጉት፦ ከላይ የተጻፈ ቀለም ከወረቀቱ ገጽ የተለየ ነጸብራቅ ይሰጣል፣ እስክሪብቶ ከሆነም ጎድጎድ ያለ ፈለግ ይተዋል። በፍጥነት የፈረመ እጅ መስመሩን ሲጨርስ ያቀጥነዋል። አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ግን ቀስ ይላል፤ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወፍራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ ቆም ያለበት ቦታ ላይም ቀለም ይጠራቀማል።

ዘመኑን አለማመሳከር

ብዙ ሐሰተኛ ዕቃ የሚያዘው በፊርማው ሳይሆን በዘመኑ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 የሮጠው በባዶ እግሩ፣ 11 ቁጥር ለጥፎ ነው። ቶኪዮ ላይ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ቁጥሩም 17 ነው። «የሮም ፎቶ» ተብሎ 17 ቁጥር ከታየ ሻጩ የያዘውን አያውቅም ማለት ነው። አበበ ያረፈው ጥቅምት 1966 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በታተመ ፖስተር ላይ ያለ ፊርማ የእርሱ ሊሆን አይችልም። የቀለሙም ነገር እንዲሁ ነው። ሻርፒ የተባለው ማርከር ገበያ ላይ የወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1964 ነው። ስለዚህ በ1954ቱ (በፈረንጆቹ 1962) የአፍሪካ ዋንጫ ኳስ ላይ በሻርፒ የተጻፈ ፊርማ የግድ ሐሰት ባይሆንም ዘግይቶ የተፈረመ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ለውጭ ገዢ ሲጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን ይግለጹ። ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችበት ፍጻሜ ጥር 13 ቀን 1954 ነው፤ ለፈረንጁ ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 1962። ትኬቱ ላይ 1954 የሚል ቀን ሲያይ ማንም ካላስረዳው ሐሰተኛ ነው ብሎ ያልፈዋል።

ማስረጃን መጣል

ፎቶውን ከአልበሙ አይላጡ። ጀርባው ላይ ያለ የፎቶ ቤት ማህተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ከፊርማው ባልተናነሰ ይጠቅማል። ዕቃውን የተቀበለው ሰው በሕይወት ካለ ማን፣ የት፣ መቼ እንደፈረመ አጽፈው ያስፈርሙት። ሰርተፍኬት አለው መባል ብቻውን ምንም አይደለም፤ ወረቀቱን ማንም ያትመዋል። ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ ወይም ቤኬት የተባሉት ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች የሰጡት ከሆነ ቁጥሩን በየድርጅቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ለማስመርመር ከመላክዎ በፊት ክፍያውንና የፖስታውን ወጪ ይደምሩ፤ ወጪው የዕቃውን ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

በተጠየቀ ዋጋ መተመን

ኢንተርኔት ላይ የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ምርጫ አለ፤ ተመሳሳይ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ፈልገው ያወዳድሩ። «ለእገሌ» ተብሎ ስም የተጻፈበት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። የቡድን ኳስ ከሆነ የፊርማው ብዛት ሳይሆን የማን እንደሆነ ይታያል፦ የ1954ቱ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ወይም መንግሥቱ ወርቁ ከሌሉበት ሌላ ዋጋ ነው። የወሎ ኮምቦልቻ ወይም የደሴ ከተማ ማሊያ ግን ውጭ አገር ገዢ አይፈለግለትም፤ የሚያውቀው፣ የሚወደውና የሚከፍልበት እዚሁ ያለ ደጋፊ ነው።

አቀማመጥ

የደሴ ክረምት ጭጋግና እርጥበት ለፎቶ ክፉ ነው፤ ምስሉ ከመስተዋቱ ጋር ከተጣበቀ ሳይቀደድ አይላቀቅም። ፍሬም ሲያሠሩ በመስተዋቱና በፎቶው መካከል ክፍተት የሚሰጥ ካርቶን ያስገቡ፣ ከአሲድ ነጻ ቢሆን ይመረጣል። ላሚኔት ፈጽሞ አያስደርጉ። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩ ያይላል፤ መስኮት ፊት የተሰቀለ ፊርማ ይነጣል።

ያለ ደረሰኝና ያለ ፈቃድ መስጠት

«አሳይቼ ልመልስ» ለሚል ደላላ ዕቃው የሚሰጠው ፊርማው፣ ጭረቱና እድፉ በግልጽ የሚታይበት ፎቶ ተነስቶ፣ ደረሰኝ ከተጻፈ በኋላ ብቻ ነው። ኮሚሽኑም አስቀድሞ በወረቀት ይስፈር። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ ከፖስታ ቤት በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በሕግ የተከለከለ ነው፣ ዕቃው ቅርስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነውም ገዢው ወይም ደላላው አይደለም።