ልጃችሁ ከአሜሪካ ጦር ደውሎ «አለቃዬ ባል አለው» ሲላችሁ

ይህን የምጽፈው ልጃቸው በዲቪ ሄዶ፣ ግሪን ካርዱን ይዞ ጦር ለገባ እናቶች ነው። እዚህ ሐረር ብዙ ነን። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የወታደር ሚስት ነኝ። ባለቤቴ ምሥራቅ ዕዝ ነበር፤ ባድመም ዘምቷል። ነገሩን የማየው ከዚያ በኩል ነው።

መጀመሪያ ስልኩን አትዝጉ። «በስመ አብ!» ወይም «አስተግፊሩላህ!» አፋችሁ ላይ ከመጣ ዋጥ አድርጉት። ልጁ ያለበትን ሕይወት እየነገራችሁ ነው፤ ከደነገጣችሁበት ሌላ ጊዜ አይነግራችሁም። አለቃው ሚስት ቢኖረው የምትጠይቁትን ጠይቁ። ልጆች አሏቸው? ለበዓል ጠርተውህ ያውቃሉ? ሰውየውስ ለአንተ ጥሩ አለቃ ነው? ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው።

ቀጥሎ የሁለቱን አገር ሕግ ለዩ። እኛ ጋ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይከለክላል፣ ያስቀጣልም። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 «አትጠይቅ፣ አትናገር» የተባለ ሕግ አውጥታ ነበር። ደብቆ ያገለገለ ይቆያል፣ የታወቀበት ይባረራል። ከ13,000 በላይ ወታደሮች ተባረውበታል። ሕጉ የቀረው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2011 ነው። ስለዚህ እዚያ በግልጽ የሚወራው እዚህ ሰው ያሳስራል። ልጁ በቴሌግራም የላከላችሁን የግብዣ ፎቶ ለማንም አታስተላልፉ። በተለይ ፎቶው ላይ ሐበሻ ካለ። የእሱም ቤተሰብ እዚሁ ነው፤ ከሸዋ በር የተነሳ ወሬ ቡናው ሳይፈላ አራተኛ ይደርሳል።

አባትየው «ዲሲፕሊን ይፈርሳል» ይላል። የኔም ያለው ይህንኑ ነው። አትጣሉት፤ የወታደሮቹን ቃል ንገሩት። ሕጉ ከመነሳቱ በፊት፣ በ2010፣ ፔንታጎን ራሱ ወታደሮቹን ጠይቆ ነበር። ከ115,000 በላይ መለሱ። እንዲህ ያለ ባልደረባ አብሮን አገልግሏል ብለው ከሚያምኑት ውስጥ 92 በመቶው የክፍላቸው አብሮ የመሥራት ብቃት ጥሩ ወይም መካከለኛ ነበር አሉ። የኔዘርላንድ ጦር ከ1974 ጀምሮ ይቀበላል። እንግሊዝ ክልከላዋን በ2000 አንስታለች፤ ያውም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ፈርዶባት። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ሰማና «ምሽግ ውስጥ የሚጠየቀው ጥበቃው አይተኛም ወይ ነው» አለ። ለእሱ ይህ ብዙ ነው።

እኔን ደስ ያለኝ ግን ሚስቶቹም መጠየቃቸው ነው። ከ44,000 በላይ የትዳር ጓደኞች መለሱ። 74 በመቶው ለውጡ ባሌ ወይም ሚስቴ በጦሩ ይቆይ አይቆይ በሚለው አሳቤ ላይ ምንም አይጨምርም አይቀንስም አሉ። እኛን ማን ጠይቆን ያውቃል?

ለጎረቤት ሴቶች ቁጥር አይሠራም። ለእነሱ የዶና ጆንሰንን ታሪክ ንገሯቸው። የሰሜን ካሮላይና ብሔራዊ ዘብ አባል ነበረች። ኦክቶበር 1 ቀን 2012 አፍጋኒስታን፣ ኾስት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊ ገደላት። ትሬሲ የምትባል ሚስት ነበረቻት፤ እሷም ወታደር። ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም። በጦሩ ውስጥ እገዳው ተነስቷል፤ የፌዴራል ሕጉ ግን ትዳራቸውን ገና አያውቀውም ነበር። ስለዚህ መርዶው የሄደው ወደ እናትየው ቤት ነው። ባንዲራውም ለእናትየው ተሰጠ። ትሬሲ በሕጉ ፊት ባዕድ ነበረች። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ሕግ ሻረው። በዚያው ዓመት ጦሩ ለእንዲህ ያሉ ባለትዳሮችም መታወቂያ፣ ሕክምናና የመኖሪያ ቤት አበል መስጠት ጀመረ።

በባድመ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ውጭ ኮቴ ስንሰማ እንዴት እንሆን እንደነበር የምታስታውስ ሴት ይህን ሰምታ አትከራከርም። መርዶው ለአማቴ ብቻ ተነግሮ እኔ ከመንደር ብሰማውስ? ሃይማኖታችሁን ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩም። ግን በር በሩን እያየ የከረመ ሰው ክፉውም ደጉም ቀድሞ ሊነገረው ይገባል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለልጁ የምትመክሩት አጭር ነው። የሰፈር ቀልዱን እዚያ አይድገመው። ከተጠራ ይሂድ፤ ባዶ እጁን አይሂድ፣ ቡና ይያዝ። አለቃው ሲዘምት ባልየው ብቻውን ይቀራል። ደውሎ «ምን ጎደለ?» ይበለው፤ እኛ ለዘማች ሚስት እንደምናደርገው።

አንዳንዴ ደግሞ ልጁ ስለ አለቃው የሚያነሳው እናንተን ሊፈትን ነው። የሚነግራችሁ የራሱ ጉዳይ አለው። ከነገራችሁ አልቅሳችሁ «ና ጸበል እንሂድ»፣ «ና ሼኹ ይቅሩብህ» አትበሉት። እንደምትወዱት ንገሩት፤ በዚያች ሰዓት የሚፈልገው ይህንን ነው። ማን እንዲያውቅ እንደሚፈልግ ጠይቁት፤ ለእህቱም ቢሆን ሳይፈቅድ አታውሩ። አባቱ መቼ ይስማ፣ ከማን ይስማ የሚለውን እሱ ይወስን። እስኪወስን ድረስ ያጫችሁለትን ልጅ ፎቶ መላክ አቁሙ።