የጽሑፉ ብዥታ ከቀለም ፎርማቱ ነበር

ኮምፒውተሬን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከ4ኬ ቴሌቪዥን ጋር ካገናኘሁ ወዲህ ፊልምና ፎቶ ጥርት ብለው ሲታዩ ጽሑፍ ግን ብዥ ይል ነበር። በጥቁር ላይ ያለ ቀይ ፊደልማ ጭራሽ አይነበብም። «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው አንዲት ትንሽ ቅጥያ ስለሆነች አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ቀላል ችግር አይደለም።

የስክሪን ጥራቱ 3840 በ2160፣ ልክ ነው። ፊደልን ለማጥራት የሚያገለግለውን የዊንዶውስ ክሊርታይፕንም አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም።

መልሱ የተገኘው በግራፊክስ ካርዱ መቆጣጠሪያ፣ የቀለም ፎርማት የሚመረጥበት ቦታ ላይ ነው። ካርዱ ምስሉን በ4:2:0 ይልክ ነበር። በዚህ አሠራር የብርሃን መጠን ለእያንዳንዱ ፒክሰል ለብቻው ይላካል፤ የቀለም መረጃ ግን አራት ፒክሰሎች የሚጋሩት አንድ ብቻ ነው። ፊልም ላይ ብዙም አይታወቅም። ቀጭን ፊደል ላይ ግን የአንዱ ቀለም ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል።

ለእያንዳንዱ ፒክሰል ሙሉ ቀለሙን ወደሚልከው አርጂቢ ልቀይር ስል ምርጫው አልነበረም። 4ኬን በ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል) በሙሉ ቀለም ለመላክ የኤችዲኤምአይ 2.0 ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ገመዱ በተሰካበት መግቢያ ላይ ይህን አቅም ዘግቶት ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ከፈትኩት፣ ከዚያ በካርዱ መቆጣጠሪያ አርጂቢንና ሙሉ ሬንጅን (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ሙሉ የብርሃን ደረጃ) መረጥኩ። መግቢያውንም «ፒሲ» ብዬ ሰየምኩት፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች ሙሉውን ቀለም የሚያሳዩት እንዲህ ሲሰየም ብቻ ነውና ይህችን እንዳትዘሉ። ፊደሉ ወዲያው ጠራ።

ካርዳችሁ ወይም ቴሌቪዥናችሁ ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ በ30 ኸርዝ ሞክሩት፤ የማውሱ እንቅስቃሴ ይጎተታል፣ ለንባብ ግን ከብዥታው ይሻላል።